የሰው ተውኔት

ከእኔ የለመዳችሁት ወግ ስለ ሹም ሽር፣ ስለ አዋጅና ስለ ኑሮ ውድነት ነው። ዛሬ ግን ስለ ተውኔት ላወጋችሁ ነው። «ምነው ከፖለቲካው ሸሸህ?» የሚለኝ ቢኖር ጥቂት ታግሶ ይከተለኝ፤ እንዳልሸሸሁ ኋላ ያየዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአንድ ልቅሶ ቤት የቀድሞ ተማሪዬን አገኘሁት። ዛሬ እሱም በተራው መምህር ሆኖ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ ያስተምራል። ድንኳኑ ውስጥ ከአጠገቤ ተቀምጦ ንፍሮውን እየቃመ፣ አሥራ አራት ተማሪዎች ይዞ የተውኔት ክበብ ማቋቋሙን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወንበሮቻቸውን ክብ ሠርተው ገጸ ባሕርያቱን እየተከፋፈሉ ጮክ ብለው እንደሚያነቡ አጫወተኝ። ከዚያም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ የምናነባቸው ተውኔቶች ቢጠቁሙኝ? የዘመኑን ማለቴ ነው፤ ጸጋዬንና መንግሥቱ ለማን አንብበናል» አለኝ። ከራሴ ድርሰቶች የትኛውን እንደምሰጠው ወዲያው በሆዴ ማማረጥ ጀመርኩ። ፊቴ ላይ ምን እንዳነበበ እንጃ፣ ቶሎ ብሎ፣ «የእርስዎን አለን። የባልደረቦችዎን ነው የፈለግሁት» ሲል ጨመረ።

«በሳምንት ውስጥ እሰጥሃለሁ» አልኩት። ሦስት ወር ፈጀብኝ።

ለምን ሦስት ወር? በእኛ ሙያ ሰው ማሞገስ ካስፈለገ ሟቹን ማሞገስ ነው ደንቡ። ሟች ቀን አይሻማም። የአዲስ አበባን ቴአትር ቤቶች አሠራር ለማያውቅ ላስረዳ፦ በእኛ ከተማ አንድ ተውኔት በየምሽቱ አይታይም፤ በሳምንት አንድ ቀን ይሰጠዋል። የማክሰኞ ተውኔት አለ፣ የሐሙስ ተውኔት አለ፣ የእሑድ ተውኔት አለ። ሳምንቱ ደግሞ ሰባት ቀን ብቻ ነው። አንዱ ተወዶ ዓመት ሁለት ዓመት ሲሰነብት ሌላው ጽሑፉን በክንዱ ሸጉጦ በር ላይ ይጠብቃል። ስለዚህ የባልደረባን ድርሰት «ሄዳችሁ እዩለት» ማለት የራስን ወረፋ በገዛ እጅ ማራዘም ነው። እኔ በዚህ ወረፋ ላይ ዕድሜዬን የፈጀሁ ሰው ነኝና ቅናት ምን እንደሚመስል ከማንም መማር አያሻኝም።

ከቅናቱ የሚብሰው ግን ሌላው ነው። ዛሬ «ይህን ተውኔት ወደድሁት» ያለ ሰው ስለ ኪነ ጥበብ ተናገረ የሚለው የለም። «ለካስ ከእነ እገሌ ወገን ኖሯል!» ይባላል። የደራሲው ስም፣ የአባቱ ስም፣ የተወለደበት አውራጃ ከድርሰቱ በፊት ይነበባሉ። ይህ በእኛ ዘመን የተጀመረ አመል እንዳይመስላችሁ። የመጀመሪያው ተውኔታችን፣ የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፡ የአውሬዎች ኮሜዲያ»፣ ከመቶ ዓመት በፊት በአራዊት ተረት አስመስሎ የሹማምንቱን ብልሹነት በመንቀፉ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታግዷል። ቴአትራችን ከልደቱ ጀምሮ ተጠርጣሪ ሆኖ ያደገ ልጅ ነው።

እንግዲህ ለተማሪዬ የጻፍኩለትን ልንገራችሁ።

በመጀመሪያ ያሰፈርኩት የጌትነት እንየውን «የቴዎድሮስ ራዕይ» ነው። ቴዎድሮስን ከጌትነት በፊት የተክለ ሐዋርያት ልጅ ግርማቸውም፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅንም መድረክ ላይ አውጥተውታል። ሦስቱም አንዱን ሰው፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሽጉጡን የጠጣውን ንጉሥ ነው የጻፉት፤ ነገር ግን ሦስቱም ለየራሳቸው ዘመን ተመልካች ነው የጻፉት። ጌትነት ገጣሚም ተዋናይም ስለሆነ ቃሉ ለአፍ ይመቻል፤ ለንባብ ክበብ የምመርጠውም ለዚህ ነው። አንድ ቅሬታ ግን አለኝ፤ ደግሞም ለጌትነት ብቻ የምለው አይደለም፤ ራሴንም ይነካኛል። እኛ ፀሐፊዎች የዛሬውን ሹም መናገር ስንፈራ ወደ ትናንቱ ንጉሥ እንሸሻለን። ድሮ ይህ መሸሸጊያ ይሠራ ነበር። ዛሬ ግን የታሪክ ተውኔት ከዕለቱ ዜና ይልቅ የሚያጣላ ሆኗል፤ አዳራሹ ውስጥ ግማሹ «ንጉሤ» ሲል ግማሹ ጥርሱን ይነክሳል። ተማሪዬን «ንባቡ ሲያበቃ ልጆቹ ይከራከሩ፤ ክርክሩን አታስቁም» ብዬዋለሁ።

ሁለተኛው «እያዩ ፈንገስ» ነው፤ ደራሲው በረከት በላይነህ፣ መድረኩን ብቻውን የሚሸከመው ተዋናይ ግሩም ዘነበ። ይህን ተውኔት ያየሁ ዕለት ቤቴ የገባሁት ተናድጄ ነው። ለምን እኔ አላሰብኩትም? አንድ እብድ፣ አንድ ፌስታል፣ አንድ ተዋናይ! እኔ አሥራ ሁለት ገጸ ባሕርያት እየፈጠርኩ፣ የቤት ዕቃና አልባሳት እየቆጠርኩ፣ «ወጪው ከበደን» እየተባልኩ ስመለስ እሱ ፌስታል አንጠልጥሎ ገባ። እብድ በአገራችን የመናገር ፈቃድ ያለው ብቸኛው ዜጋ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ መንገድ ላይ ሲለፈልፍ ሰምተን «እውነቱን እኮ ነው» ብለን እናልፋለን። በረከት ያደረገው ያንን ፈቃድ ከመንገድ አንሥቶ ወደ አዳራሽ ማስገባት ነው።

ነገር ግን ከመድረኩ ይልቅ የገረመኝ አዳራሹ ነበር። ሰው ይስቃል፤ ይስቅና ወዲያው ወደ ጎን ዞር ብሎ አጠገቡ የተቀመጠው መሳቁን ይመለከታል። እኔም እንዲሁ ሳደርግ ራሴን ያዝኩት። ከፊቴ የተቀመጡት ሁለት ሰዎች አንዴም ሳይስቁ ሲወጡ ምሽቱን ሙሉ ስለ እነርሱ ሳስብ አደርኩ፤ ምናልባት ቀልዱ አልገባቸው ይሆናል። ምናልባት።

በሦስተኛነት የጻፍኩት ውድነህ ክፍሌ የደረሰውን «ባቢሎን በሳሎን» ነው። ይህን ለመጻፍ ኩራቴን መዋጥ ነበረብኝ። ተውኔቱ ዓመታትን በዓመታት ላይ እየደረበ ሲታይ፣ ትኬት ፈላጊው ሲሰለፍ፣ እኔና መሰሎቼ ሻይ ቤት ተቀምጠን «የሳቅ ንግድ» እያልን እናማው ነበር። ሳናየው ነበር የምናማው። ኋላ እህቴ ከነባሏ ጎትታ ብትወስደኝ አዳራሹ ውስጥ ዕድሜውን ሙሉ ቴአትር ረግጦ የማያውቅ ሰው፣ አዛውንት እናቱን ደግፎ የመጣ ወጣት፣ ከክፍለ ሀገር ለሕክምና መጥተው በዚያው ጎራ ያሉ ባልና ሚስት አየሁ። የእኔን ተውኔት እነዚህ ሰዎች አይተውት አያውቁም። ርዕሱም ቢሆን ቀላል ርዕስ አይደለም፤ ቋንቋቸው የተደበላለቀባቸውን ሰዎች አንድ ሳሎን ውስጥ ማስቀመጥ ነው። ከዚህ የበለጠ የፖለቲካ ርዕስ የቱ ነው?

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። አብዛኛው የአማርኛ ተውኔት አይታተምም። ልብ ወለድ ይታተማል፣ ግጥም ይታተማል፤ ተውኔት ግን መጋረጃው ሲዘጋ ቃሉም አብሮ ይዘጋል። ጽሑፉ ያለው በደራሲው ቤት፣ በአዘጋጁ መሳቢያ፣ ወይም ቃሉን አጥንቶ በያዘው ተዋናይ ራስ ውስጥ ነው። ስለዚህ ለተማሪዬ የሰጠሁት የመጻሕፍት ዝርዝር ሳይሆን የሰዎች ዝርዝር ነው፦ «ለእገሌ ደውል፤ በእኔ ስም ጠይቅ፤ ቅጂ ካገኘህ አደራህን፣ ያለ ፈቃዱ አታባዛ»።

ብዕሬ የቆመው ከዚህ በኋላ ነው። የተማሪዬ ልጆች የአሥራ ስድስትና የአሥራ ሰባት ዓመት ወጣቶች ናቸው። ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. በሰሜን ጦርነቱ ሲጀመር አሥራ አንድና አሥራ ሁለት ዓመታቸው ነበር። ምን እንደሆነ ሳይገባቸው ሰምተዋል፤ አንዳንዶቹ አጎት፣ አንዳንዶቹ ወንድም ሸኝተዋል። ስለዚያ ነገር ምን ላስነብባቸው? በዓይነ ኅሊናዬ የአገር ውስጥ መድረኩን ዞርኩት። ከዚያም፣ አልደብቃችሁም፣ አንድ ስም መጥቶብኝ በግድ ወደ ኋላ መለስሁትና ወደ ውጭ አገር ሮጥኩ።

ከውጭዎቹ አስቀድሜ የመረጥኩት የደቡብ አፍሪካዊውን የጆን ካኒን «ናተንግ በት ዘ ትሩዝ» ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በጆሃንስበርግ ማርኬት ቴአትር ሲታይ ዋናውን ገጸ ባሕርይ የተጫወተው ራሱ ካኒ ነበር። ሲፖ የተባለ አዛውንት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ በስደት ለንደን የሞተውን የወንድሙን አስከሬን ይጠብቃል፤ ቀብሩን በወጉ ሊፈጽም ዘመድ አዝማዱን አሰናድቷል። የወንድሙ ልጅ ከአውሮፕላን ስትወርድ የያዘችው ግን አመድ የሞላበት ዕቃ ነው። አስከሬን የለም! ቦሌ አየር ማረፊያ የወንድሙን ሬሳ ሣጥን ሊቀበል ቆሞ ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ይህን ትዕይንት ማስረዳት አያስፈልግም። የተውኔቱ ብርታት ግን ከዚያ በኋላ ይመጣል። የሲፖ ልጅ በእውነትና ዕርቅ ኮሚሽኑ አስተርጓሚ ናት፤ አገር ሙሉ ስለ ይቅርታ ይነጋገራል። ሲፖ ግን ልጁን የገደለውን ፖሊስ ብቻ ሳይሆን የገዛ ወንድሙንም ይቅር አላለም። ሁሉ ጀግና የሚለው ወንድሙ ዕድሜውን ሙሉ የሲፖ የሆነውን ሁሉ ሲወስድበት የኖረ ነው፤ ሚስቱን ሳይቀር። ኮሚሽን እንዲህ ያለውን በደል በየትኛው መዝገብ ይጽፈዋል?

ሁለተኛው የቺሌው የአርየል ዶርፍማን «ዴዝ ኤንድ ዘ ሜይደን» ነው፤ እ.ኤ.አ. የ1991 ሥራ ነው። ፓውሊና ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት ዓይኗ ታስሮ የተሠቃየች ሴት ናት። ባሏ፣ በአዲሱ መንግሥት የአጣሪ ኮሚሽን አባል የሆነው የሕግ ሰው፣ መኪናው ተበላሽቶ አንድ ደግ ሐኪም ቤቱ ያደርሰዋል። ፓውሊና የሐኪሙን ድምፅ ትሰማለች። ፊቱን አታውቀውም፤ ድምፁን ግን ታውቀዋለች። በእሷ እምነት ይህ ሰው የሹበርትን ሙዚቃ እያስደመጠ ያሠቃያት ያ ሐኪም ነው። አስራ ወንበር ላይ አስቀምጣ ትዳኘዋለች። ነገሩን የሚያከፋው የባሏ ኮሚሽን የሚመረምረው በሞት ያበቁ ጉዳዮችን ብቻ መሆኑ ነው። ፓውሊና ደግሞ አልሞተችም። ይህ የደራሲው ፈጠራ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ በቺሌ እ.ኤ.አ. በ1990 የተቋቋመው ኮሚሽን ሥራ የተገደሉትና የተሰወሩት ነበሩ፤ ተሠቃይተው በሕይወት የተረፉት የሚሰማቸው ሌላ ኮሚሽን እስከ 2003 መጠበቅ ነበረባቸው።

እኛም በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ አጽድቆልናል። ስለዚያ ሰነድ በተለያየ ጊዜ ብዙ ብያለሁ፤ አሁን አልደግመውም። የማስበው ግን፣ ያንን ሰነድ ያረቀቁትና የሚያስፈጽሙት ሁሉ አንድ ምሽት ተቀምጠው ይህን ተውኔት ቢያዩ ነው። ወደ ተውኔቱ መጨረሻ ትልቅ መስተዋት ከላይ ይወርድና ተመልካቹ የራሱን ፊት እንዲያይ ይገደዳል። በእኛ አዳራሽ መስተዋቱ ሲወርድ ማን ወደ ማን እንደሚያይ ለማየት እጓጓለሁ።

የሊን ኖታጅን «ሩዊንድ»ንም አንሥቼለት ነበር፤ ግን ለመምህሩ እንጂ ለልጆቹ አይሆንም። ኖታጅ «እናት ኩራዥ» የተባለውን የብሬኽት ተውኔት ወደ ኮንጎ ልታመጣ አስባ ተነሣች፤ ወደ ኡጋንዳ ተጉዛ ከጦርነቱ ያመለጡ ኮንጎዋውያት ሴቶችን ታሪክ ከሰማች በኋላ ግን ብሬኽትን ትታ የራሷን ጻፈች፤ በ2009 የፑሊትዘር ሽልማት አገኘችበት። ለወታደሩም ለአማፂውም የምትቀዳው የመሸታ ቤት እመቤት፣ ማማ ናዲ፣ ከልቤ አትወጣም። መጨረሻው ይለሳለስብኛል፤ ፀሐፊዋ ለተመልካቹ ያዘነችለት ይመስለኛል።

ሦስቱን የውጭ ተውኔቶች ጽፌ ስጨርስ እፎይ ማለት ይገባኝ ነበር። ነገር ግን ደቡብ አፍሪካን፣ ቺሌንና ኮንጎን አዙሬ የሸሸሁት አንድ የአማርኛ ተውኔት አለ። ወደ ኋላ የመለስሁት ስምም የእርሱ ደራሲ ስም ነው።

ስሙን አልጠራውም፤ ፈቃዱን አልጠየቅሁምና። ሃያ ዓመት የሚያህል ባልንጀሮች ነበርን። ፒያሳ ካሉት ሻይ ቤቶች በአንዱ እየተገናኘን ረቂቃችንን እንለዋወጥ ነበር፤ እሱ በቀይ እስክሪብቶ፣ እኔ በእርሳስ እንሰርዛለን። ጦርነቱ ሲመጣ ተለያየን። እንዴት እንደተለያየን መዘርዘሩ አይጠቅምም፤ በዚያ ሰሞን እያንዳንዳችሁ ከአንድ ሰው ጋር የተለያያችሁበትን አስቡት፤ እንደዚያው ነው። በ2014 ዓ.ም. አንድ ተውኔት ጻፈ። በሰው በሰው «ያንብብልኝ» ብሎ ላከልኝ፤ ፖስታውን ሳልከፍት መለስኩት። እስከዚህ ድረስ ያለውን እሱም ያውቃል።

የማያውቀው ይህን ነበር። ጽሑፉን ለአንድ ቴአትር ቤት አስገብቶ ኖሮ ከገምጋሚዎቹ አንዱ መንገድ ላይ አግኝቶኝ፣ «ወዳጅህ አይደል? እንዴት ነው ይህ ነገር?» ሲል ጠየቀኝ። እኔም «ጊዜው አይደለም» አልኩት። ሁለት ቃል ናት። ያላነበብኩትን ድርሰት በሁለት ቃል ቀበርኩት። በእርግጥ በእኔ ቃል ብቻ ነው የቀረው ማለት አልችልም፤ ያለ እኔም ይቀር ይሆናል። ነገር ግን ሳንሱርን ስወቅስ የኖርኩ ሰው፣ በፋቡላ መታገድ በየንግግሬ የምቆጭ ሰው፣ ተራዬ ሲደርስ ያደረግሁት ይህንኑ ነው። ማንም አላስገደደኝም፤ ደመወዝም አልተከፈለኝበትም። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ ሲፈራረሙ በቴሌቪዥን እያየሁ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ ያ ያልተከፈተ ፖስታ ነበር። ትዝ አለኝ እንጂ አልደወልኩም።

ተማሪዬ ለሦስተኛ ጊዜ ሲያስታውሰኝ ደወልኩ።

«እንደምን አለህ?» ተባባልን። ስለ ክበቡ ነገርኩትና ተውኔቱን ለልጆቹ እንዲሰጥ ጠየቅሁት።

«አንብበኸዋል?» አለኝ።

«አላነበብኩትም።»

«ታዲያ ያላነበብከውን ለሰው ትጠቁማለህ?»

ያኔ የሁለቱን ቃል ነገር ነገርኩት። ስልኩ የተዘጋ እስኪመስለኝ ዝም አለ። ከበስተጀርባው የልጅ ድምፅ ይሰማኝ ነበር፤ ስንለያይ ያልተወለደች ልጅ መሆን አለባት። በመጨረሻ፣ «ስንት ናቸው አልከኝ ልጆቹ?» አለ።

«አሥራ አራት።»

«የእኔ ገጸ ባሕርያት ዘጠኝ ናቸው። ለመምህሩ እሰጠዋለሁ። ለአንተ ግን አልሰጥህም።» ዘጋው። ፈረድኩበት አልልም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተማሪዬ ጠራኝና ቅዳሜ ሄድኩ። ከኋላ፣ የተሰባበሩ ዴስኮች ከተደረደሩበት አጠገብ ተቀመጥኩ። ወዳጄ አልመጣም። ልጆቹ ያነበቡት በጦርነቱ መካከል ከእጅ ወደ እጅ ስትገለባበጥ በከረመች አንዲት የወሎ ከተማ ስለምትኖር እናት ነው። አንዱ ልጇ በመከላከያ ውስጥ፣ ሌላው ከወዲያኛው ወገን ነው። በመጀመሪያው ክፍል እናቲቱ ለሁለቱም ስንቅ ታዘጋጃለች፤ በሶውን ፈጭታ በሁለት ከረጢት እኩል ትሰፍራለች። አንድ ታጣቂ ገብቶ «የእኛው የትኛው ነው?» ይላታል። እሷም ሁለቱን ከረጢቶች አይታ፣ የትኛውን ለማን እንደሰፈረችው እንደጠፋት ትነግረዋለች። ያቺን እናት ያነበበችው የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ እንዲያውም ዝቅ አደረገችው። ክፍሉ ውስጥ ወረቀት የሚገልጥ እንኳ አልነበረም።

የማይደበቅ ጉድለት አለበት። ሁለተኛው ክፍል ይንዛዛል፤ እናቲቱ ያላትን ሐዘን ሁሉ በቃል ታስረዳናለች፤ በከረጢቱ የተባለው በንግግር ይደገማል። ደብዳቤ አምጪው የሚገባበት ሰዓትም አላሳመነኝም። ድሮ ቢሆን ስድስት ገጽ አሰርዘው ነበር። ቢሆንም፣ በእኛ ቋንቋ ስለዚያ ጦርነት ከተጻፉት ካየኋቸው ሁሉ ተማሪዎቹ እንዲያነቡት የምፈልገው ይህን ነው፤ ዛሬ ማንም ቢጠይቀኝ የምጠቁመውም ይህንኑ ነው። አንድ አዘጋጅ ደፍሮ ቢይዘው፣ ከሰባቱ ቀን አንዱን ቢሰጠው፣ ተራው የእኔ ቢሆን እንኳ በደስታ እለቅለታለሁ። (በደስታ ማለቴ ትንሽ ተጋነነ፤ ብቻ እለቅለታለሁ።)

ስንወጣ ተማሪዬ ልጆቹ የጨረሱበትን አንድ ቅጂ ሰጠኝ፤ «ደራሲው ለእርስዎ እንዳልሰጥ ነግረውኝ ነበር፤ ትናንት ደውለው ስጠው አሉኝ» አለኝ። ጠረጴዛዬ ላይ አለ። ሁለተኛውን ክፍል ከዳር እስከ ዳር በእርሳስ ሰርዤ ደልዤዋለሁ፤ እንደ ድሮው። እስካሁን አላክሁለትም።